ከእጅ አንጓ እስከ ልብ፦ የክንድ ደም ቅዳ መንገድና እንቅፋቶቹ

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ የጥናት ጽሑፍ ነው። መነሻው ግን የክፍል ትምህርት ሳይሆን በአክስቴ ክንድ ላይ ያየሁት ነገር ነው።

አክስቴ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ናቸው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ በሞንጎምሪ ኮሌጅ የታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ እማራለሁ። ባለፈው የፎል ሴሚስተር አጋማሽ ላይ አንድ ማታ ደወሉልኝና «ልጄ፣ ልብሽን በእጅሽ በኩል እናየዋለን አሉኝ። ልብ ደረት ውስጥ አይደለም እንዴ? እጄን ምን ሊያደርጉት ነው?» አሉኝ። ሁለት ሴሚስተር የተማረ ሰው ድፍረቱ ብዙ ነው። «እትዬ፣ ቀላል ነገር ነው፤ ምንም አያምዎትም» ብዬ መለስኩላቸው። ያች «ምንም አያምዎትም» በኋላ ምን እንዳስከተለች እነግራችኋለሁ። ታሪኩ የሚገባችሁ ግን መንገዱን ካወቃችሁ በኋላ ስለሆነ አስቀድመን ትምህርቱን እንማር።

ይህን የምጽፈው በአክስቴ ፈቃድ ነው። ጽሑፉ ለትምህርት የተዘጋጀ ስለሆነ የሐኪምን ምክር አይተካም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አጭር ታሪክ፦ ልብ ዘንድ በቱቦ መድረስ

የልብ ካቴተር ምርመራ ማለት ካቴተር የተባለ ቀጭን ረጅም ቱቦ በደም ሥር ውስጥ አሳልፎ ልብ ዘንድ ማድረስ ነው። ቱቦው እዚያ ሲደርስ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ፣ ማለትም ኮንትራስት ይረጭበትና የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ኮሮናሪ ደም ቅዳዎች የት እንደጠበቡ በስክሪን ይታያል። የጠበበ ካለ በዚያው መንገድ ባሉን ገብቶ ይነፋል፤ ስቴንትም ይቀመጣል።

የሚገርመው ታሪኩ ራሱ በክንድ መጀመሩ ነው። በ1929 ቬርነር ፎርስማን የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም ኤበርስቫልደ በሚባል ከተማ 65 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የሽንት ቱቦ በገዛ ግራ ክንዱ ደም መልስ በኩል አስገብቶ ወደ ልቡ ገፋው። ከዚያም ቱቦው እንዳለ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶ ተነሣ። በጊዜው ብዙ ወቀሳ ደረሰበት፤ በ1956 ግን ከአንድሬ ኩርናንና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

በ1958 ሜሰን ሶንስ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ኮሮናሪ ደም ቅዳን ለይቶ በኮንትራስት አሳየ። የእሱ መንገድ በክርን አካባቢ ቆዳን ቀዶ ብራኪያል ደም ቅዳን ማውጣት ነበር። በ1967 ደግሞ ሜልቪን ጀድኪንስ ቅርጻቸው አስቀድሞ የተሠራ ካቴተሮችን ይዞ በብሽሽት በኩል መግባትን አቀለለው። የብሽሽት ደም ቅዳ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ዋናው በር እሱ ሆነ።

ወደ እጅ አንጓ የተመለስነው በ1989 ነው። ሉሲያን ካምፖ በሞንትሪያል 100 ሕሙማንን በራዲያል ደም ቅዳ በኩል መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። በ1992 ፈርዲናንድ ኪመኔይ አምስተርዳም ላይ በዚሁ መንገድ የጠበቡ ኮሮናሪ ደም ቅዳዎችን መክፈት ጀመረ።

2. ከብሽሽት ወደ እጅ አንጓ ለምን?

ዋናው ምክንያት የደም መፍሰስ ነው። የብሽሽት ደም ቅዳ ጥልቅ ነው። ቢደማ ደሙ ወደ ሆድ ጀርባ ሊሄድና ለሰዓታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ራዲያል ደም ቅዳ ግን ከቆዳ ሥር፣ በአጥንት ላይ የተኛ ነው። ቢደማ ይታያል፤ በጣት ቢጫኑት ይቆማል። በዚያ ላይ መዳፍ ሁለት ምንጭ አለው። በአውራ ጣት በኩል ራዲያል፣ በትንሿ ጣት በኩል ኡልናር ደም ቅዳ መጥተው መዳፍ ውስጥ ይገናኛሉ፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይሸፍናል።

በ2011 የወጣው ራይቫል የተባለው ጥናት 7,021 ሕሙማንን አወዳድሮ ነበር። ከባድ የደም ሥር ጉዳት በእጅ በኩል በተሠራላቸው 1.4 በመቶ፣ በብሽሽት በኩል በተሠራላቸው 3.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ማትሪክስ የተባለው ጥናት 8,404 ሕሙማንን ይዞ በእጅ በኩል የሚደረገው የደም መፍሰስንም ሞትንም እንደሚቀንስ አሳየ። በ2021 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያም የእጅ አንጓን በመጀመሪያ ደረጃ መክሯል። ለሕመምተኛው ሌላም ጥቅም አለው፦ ምርመራው እንዳለቀ ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣት፣ ወዲያውም መራመድ ይችላል። በብሽሽት ከሆነ ግን ለሰዓታት በጀርባ መተኛት ግድ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ መንገዱ ነው።

3. የመንገዱ ካርታ

የቀኝ እጅን እንውሰድ። መሪ ሽቦው ከእጅ አንጓ ተነሥቶ በራዲያል ደም ቅዳ ክንድን ይወጣል። ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ ራዲያልና ኡልናር የሚገናኙበት መገንጠያ አለ። ከዚያ በላይ ብራኪያል ይባላል፤ ብብት ሲደርስ አክሲላሪ፣ ከአንገት ሥር ባለው አጥንት ስር ሲያልፍ ሰብክላቪያን ይሆናል። ቀጥሎ ኢኖሚኔት በሚባል አጭር ግንድ በኩል ወደ አኦርታ ቅስት ይገባል። እዚያ ሲደርስ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ታች የሚወርደው አኦርታ ሳይሆን ወደ ልብ መውጫ ወደሆነው ወደ ላይኛው አኦርታ መታጠፍ አለበት። የግራ እጅ ከሆነ ኢኖሚኔት የለም፤ የግራ ሰብክላቪያን በቀጥታ ከቅስቱ ይወጣል።

መጠኑን ደግሞ እንመልከት። የካቴተር ውፍረት የሚለካው በፍሬንች ሲሆን 3 ፍሬንች 1 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው 6 ፍሬንች መሣሪያ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እሱን የሚያስገባው ሺዝ የሚባለው መግቢያ ቱቦ ደግሞ የራሱ ግድግዳ ስላለው በውጭ በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የአዋቂ ሰው ራዲያል ደም ቅዳ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሴቶችና ቁመታቸው አጭር በሆኑ ሰዎች ይጠባል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቱቦውና ደም ቅዳው እኩል ለእኩል ናቸው። በጠባብ የመንደር መንገድ ላይ አውቶቡስ እንደማስገባት ነው፤ ሹፌሩ ጎበዝ ከሆነ ያልፋል፤ ግን ትንሽ ስሕተት አጥር ያፈርሳል።

4. አምስቱ እንቅፋቶች

አንደኛ፦ ስፓዝም። የራዲያል ደም ቅዳ ግድግዳ በጡንቻ የተሞላ ነው። ጡንቻው አድሬናሊን የሚቀበሉ አልፋ የሚባሉ ተቀባዮች በብዛት አሉት። ሰው ሲፈራ፣ ሲበርደው ወይም ሲያመው አድሬናሊን ይወጣል፤ ደም ቅዳውም ጭብጥ ብሎ ቱቦውን ይይዛል። ሕመሙ ፍርሃትን፣ ፍርሃቱ ስፓዝምን፣ ስፓዝሙ እንደገና ሕመምን ይወልዳል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ሰውየውን ማረጋጋት፣ ክፍሉን ማሞቅ፣ በቂ ማደንዘዣ መስጠት፣ ላዩ በውኃ የሚለሰልስ ሺዝ መጠቀምና እንደ ናይትሮግሊሰሪን ወይም ቬራፓሚል ያለ ደም ሥር የሚያላላ መድኃኒት በሺዙ በኩል መስጠት ነው። ተማሪዎች ልብ በሉ፦ የተያዘን ቱቦ በጉልበት መሳብ ደም ቅዳውን ሊቀድ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ከፍ ያለ መገንጠያ። ቀደም ሲል ራዲያልና ኡልናር ከክርን በታች ይገናኛሉ ብያለሁ። በአንዳንድ ሰው ግን ራዲያሉ ከላይኛው ክንድ፣ አንዳንዴም ከብብት አጠገብ ተለይቶ ብቻውን ይወርዳል። በማኅፀን ሳለን የክንድ ደም ሥሮች እንደ መረብ ነበሩ። ከመረቡ አንዳንዱ ሲቀር አንዳንዱ ይጠፋል፤ የትኛው እንደቀረ በየሰው ይለያያል። በ2009 ሃርት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የብሪታንያ ጥናት 1,540 ሕሙማንን አይቶ በ13.8 በመቶ ላይ የራዲያል አፈጣጠር ልዩነት አገኘ። በብዛት አንደኛው ይህ ከፍ ያለ መገንጠያ ሲሆን 7 በመቶ ነበር። ራዲያሉ እንዲህ ሲረዝም ቀጭን ሊሆንና ለስፓዝም ሊጋለጥ ይችላል፤ ያም ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፋል።

ሦስተኛ፦ ቀለበትና ጠመዝማዛ። በዚያው ጥናት 2.3 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች ከክርን አጠገብ ራዲያላቸው ሙሉ ቀለበት ሠርቶ የሚዞር ነበር፤ 2 በመቶዎቹ ደግሞ እጅግ የተጠማዘዘ ነበራቸው። የሊማሊሞን ዙሪት በመኪና የወረደ ሰው ይህን ለማሰብ አይቸገርም። ቀለበቱ አስቸጋሪ ነው፤ ከነዚህ ሰዎች 37 በመቶ ገደማ ላይ በተጀመረው መንገድ ምርመራውን መፈጸም አልተቻለም። ትልቁ ወጥመድ ያለው የቀለበቱ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ላይ የምትወጣ ሪከረንት ራዲያል የምትባል ቀጭን ቅርንጫፍ አለች። መሪ ሽቦው ቀጥ ያለውን መንገድ ስለሚወድ እሷ ውስጥ ይገባል። በስክሪን ሲታይ ሽቦው ወደ ላይ እየሄደ ስለሆነ ትክክል ይመስላል። ግን ቅርንጫፏ ጠባብ ናት፤ ቱቦ ከተከተለ ትቀደዳለች። በዚህ ጊዜ ሁለት ምልክቶች አሉ፦ በሐኪሙ ጣት ላይ የሚሰማው እምቢታና በሕመምተኛው ክርን ላይ የሚሰማው ድንገተኛ ሕመም። ይህን ሁለተኛውን ምልክት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፦ የሰብክላቪያን መጠማዘዝ። ዕድሜና የደም ግፊት ሲረዝሙ አኦርታ ይረዝማል፤ ይሰፋል። ከእሱ የሚወጡት ግንዶችም ይታጠፋሉ። በተለይ ቁመታቸው አጭር፣ ግፊት ያለባቸው አረጋውያን እናቶች ላይ ይበዛል። የመጀመሪያው መፍትሔ አንዲት ትእዛዝ ብቻ ናት፦ «አየር በደንብ ይሳቡ፤ ያዙት»። ሳንባ ሲሞላ ልብና አኦርታ ወደ ታች ይሳባሉ፤ የታጠፈውም ቧንቧ ቀጥ ይላል። ትእዛዙ በማያውቁት ቋንቋ ከተነገረ ግን ይህ ነፃ መድኃኒት አይሠራም። ካቴተሩን በእንዲህ ያለ መታጠፊያ ውስጥ ሲያዞሩትም ጥንቃቄ ያሻል። እጀታው ዞሮ ጫፉ ካልዞረ ቱቦው መሐል ላይ እየተጠመዘዘ ነው ማለት ነው። በሞኒተሩ ላይ የግፊቱ ሞገድ ከጠፋ ቋጠሮ መጀመሩ ነውና ማዞሩን አቁሞ ወደኋላ መፍታት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፦ አርቴሪያ ሉሶሪያ። ስሟ «የተፈጥሮ ቀልድ» ከሚል የላቲን አነጋገር የመጣ ነው። በ100 ሰው አንድ ገደማ ላይ የቀኝ ሰብክላቪያን በቀኝ በኩል መጀመሪያ መውጣቱ ቀርቶ ከሁሉም መጨረሻ፣ ከግራው ሰብክላቪያን ቀጥሎ ይወጣና በምግብ ቧንቧ ጀርባ ዞሮ ወደ ቀኝ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ምክንያት መዋጥ ይቸግረዋል፤ አብዛኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቀው ይኖራል። በካት ላብ የሚታወቀው ሽቦው በሄደ ቁጥር ወደ ታች ወደሚወርደው አኦርታ እየገባ እምቢ ሲል ነው። 495ን እየነዳችሁ መውጫችሁን ስታልፉ፣ ዞራችሁ ስትመለሱም እንደገና ስታልፉት ማለት ነው። ጥልቅ ትንፋሽና ትዕግሥት አንዳንዴ ያሳልፋል፤ ካልሆነ ወደ ግራ እጅ መቀየር ይሻላል።

ለአምስቱም የሚሠራ አንድ ሕግ አለ፦ ሽቦ እምቢ ሲል አትግፋ፤ ተመልከት። ጥቂት በውኃ የተቀጠነ ኮንትራስት በሺዙ ሰጥቶ የክንዱን ፎቶ ማንሣት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀለበት ከታየ 0.035 ኢንች የሆነውን የተለመደውን ሽቦ ትቶ 0.014 ኢንች በሆነ ለስላሳ ሽቦ ማለፍ ይሞከራል። ካልሆነ ደግሞ በጊዜ በር መቀየር ነው። ለእኛ ለራጅ ተማሪዎች ይህ ሌላም ትርጉም አለው፤ በማይሆን መንገድ ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ደቂቃ ለሕመምተኛውም ለሠራተኛውም ተጨማሪ ጨረር ነው።

5. በአክስቴ ክንድ የሆነው

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። የምርመራው ቀን ጠዋት አብሬያቸው ሄድኩ። ስለ ፈቃዱ በስልክ አስተርጓሚ ተነጋገሩ፤ ፈረሙም። ወደ ውስጥ ሲገቡ «ምንም አያምም ብለሽኛል» ብለው ፈገግ አሉ። እኔ መቆያ ክፍል ቀረሁ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሐኪሙ ወጥተው አንድ የጠበበ ቧንቧ መገኘቱንና ስቴንት መግባቱን ነገሩን። ከዚያም ወረቀት ገልብጠው ሥዕል ሣሉልኝ። ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ ክብ የሆነ መሥመር፣ ከጫፉም ቀጥ ብላ የምትወጣ ቀጭን ቅርንጫፍ። «የቀኝ እጃቸው ቀለበት ስላለው በግራ ሠራነው» አሉ። በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው ነገር በዘመዴ ክንድ ውስጥ መሆኑ እያስገረመኝ ገባሁ።

አክስቴ ነጠላቸውን እስከ ደረታቸው ለብሰው ተኝተዋል። በሁለቱም አንጓዎቻቸው ላይ አየር የተሞላ የላስቲክ ማሰሪያ አለ። ነርሷ እየመጣች ማሰሪያዎቹን ታያለች፤ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው፤ ጠብታ ደም የለም። «እትዬ፣ እንዴት ነዎት?» ስላቸው «ተመስገን፣ ምንም አልል» አሉ። ግን በነጠላው ሥር በግራ እጃቸው ቀኝ ክንዳቸውን ደግፈው ይዘውታል። ነጠላውን ገለጥ አደረግኩት። የአንጓው ማሰሪያ እንዳለ ነው፤ ከእሱ በላይ ግን እስከ ክርን ድረስ ክንዱ አብጧል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ስነካው ጠንካራ ነው። «ያምዎታል?» አልኩ። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «ውስጥ ሳለሁ አንድ ጊዜ ክርኔን እንደ ጦር ወጋኝ። ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ምን ብዬ ላስቸግራቸው? አንቺም አያምም ስላልሽኝ፣ የኔ አለመቻል ነው ብዬ ዋጥ አደረግሁት» አሉ።

ነርሷን ጠራሁ። እሷም ሐኪሙን ጠራች። የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ባበጠው ቦታ ላይ ጠምጥመው ከላይኛው የደም ግፊታቸው ዝቅ ባለ መጠን ነፉት፤ በየተወሰነ ደቂቃ እያላሉ ጣቶቻቸውን ይፈትሹ ነበር። ያበጠውን ዳር በእስክሪብቶ አሠመሩበት። በጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረጉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እብጠቱ መሥመሩን አላለፈም። በማግስቱ ለሰለሰ፤ ለሳምንታት ክንዳቸው ጠቁሮ፣ ከዚያም ቢጫ ሆኖ ዳነ።

ምን ነበር የተፈጠረው? ሐኪሙ እንዳስረዱን ሽቦው መጀመሪያ ላይ ያችን ቅርንጫፍ ሳይወጋት አልቀረም። ትንሽ ቀዳዳ ነው። ግን ለስቴንት ሲባል ደም የሚያቀጥን ሄፓሪን ተሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ ቀስ እያለ ወደ ክንድ ጡንቻ ውስጥ ደማ። ደሙ ወደ ውጭ መውጫ ስላልነበረው ማሰሪያው ንጹሕ ሆኖ ታየ። እንዲህ ያለ ሄማቶማ ካልተያዘ በክንድ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ነርቭንና ጡንቻን የሚገድል ኮምፓርትመንት ሲንድረም ሊያመጣ ይችላል። ያኔ መፍትሔው ክንዱን በቀዶ ሕክምና መክፈት ነው።

ቀለበቱ የማንም ጥፋት አይደለም፤ እንዲህ ሆኖ የተፈጠረ ነው። እኔ ግን አንድ ምልክት አስጠፍቻለሁ። ሕመማቸው ለሐኪሙ መልእክት ነበር። እኛ ዘንድ መቻል ትልቅ ወግ ነው፤ ሽማግሌ ሰው ፊት አያጨፈግግም፤ እንግዳ ሰውንም አያስቸግርም። እኔም ያንን ወግ ባውቅም «አያምም» በማለቴ አፋቸውን ዘጋሁት። ማለት የነበረብኝ «እትዬ፣ ሊያምዎት ይችላል። ካመመዎት ዝም አይበሉ፤ የት እንዳመመዎት ወዲያው ይንገሯቸው፤ ሐኪሙ መንገዱን የሚያውቀው በእርስዎ ቃል ነው» የሚል ነበር።

6. ከምርመራው በፊትና በኋላ

ከመጀመሩ በፊት በብዙ ቦታ የመዳፍ ደም ዝውውር ይፈተሻል። በ1929 ኤድጋር አለን ካወጣው ተሻሽሎ የሚሠራበት ፈተና ቀላል ነው፦ ሁለቱንም ደም ቅዳ ተጭኖ መዳፉ ሲነጣ ኡልናሩን መልቀቅና መዳፉ ሲቀላ ማየት። በኋላ የመጣው የባርቦ ፈተና ይህንኑ በጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ሞገድ ያነባል። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች በነዚህ ፈተናዎች ውጤት ብቻ የእጅን መንገድ አይከለክሉም። በአልትራሳውንድ የደም ቅዳውን ስፋት አይቶ መውጋት ደግሞ እየተለመደ መጥቷል።

ከምርመራው በኋላ ትልቁ ሥጋት የራዲያሉ መዘጋት ነው። ኡልናሩ ስለሚሸፍን ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ሆኖም ያ በር ለሌላ ጊዜ አይሆንም። ለመከላከል ሄፓሪን ይሰጣል፤ ቀጭን ሺዝ ይመረጣል፤ ማሰሪያውም ደሙን ያቁም እንጂ የደም ቅዳውን ፍሰት ፈጽሞ እንዳይዘጋ ተደርጎ ይላላል። ጠብቆ የታሰረ ሁሉ በደንብ የታሰረ አይደለም።

7. እጅ የማይመረጥበት ጊዜ

ሁሉም ነገር በእጅ አያልፍም። ኩላሊቱ የደከመና ወደፊት ዳያሊሲስ የሚያስፈልገው ሰው የክንዱ ደም ሥሮች ለፊስቱላ መቆጠብ አለባቸው። ከደረት ግድግዳ በግራ ወገን ያለው ደም ቅዳ ለልብ ማለፊያ የተቀጠለለት ሰው ደግሞ ቅጥያው የሚወጣው ከግራ ሰብክላቪያን ስለሆነ የግራ እጅ ይሻለዋል። ሪህ የጎዳውን የልብ በር በባሉን ለመክፈትም መንገዱ የብሽሽት ደም መልስ ነው።

ይህ የመጨረሻው እኛን በቅርብ ይነካናል። ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው ሪህ በሀገራችን የብዙ ልጆችንና የወጣት እናቶችን ልብ ጎድቷል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ማዕከል ያስገኘው በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትም የተነሣው ይህን ችግር አይቶ ነው። የጠበበ የልብ በር በባሉን ሲከፈት ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው በመሐል ግድግዳው ተወግቶ ይታለፋል። ይህን ዘዴ ጆን ሮስ በ1950ዎቹ መጨረሻ የሠሩት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ማይል ርቃ በምትገኘው በቤተዝዳ፣ በብሔራዊ የልብ ተቋም ነበር። በየቀኑ በምናልፍበት አካባቢ የተወለደ ዕውቀት አዲስ አበባ ላይ ሰው ያድናል። ከመሐላችን የካት ላብ ሙያ የሚማር ካለ፣ የሚማረው ለሁለት ሀገር እንደሆነ ይወቅ።

8. ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

ዘመድ ይዛችሁ ስትሄዱ እነዚህን አስታውሱ።

ሀ. የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አማርኛ ብላችሁ ጠይቁ። እናንተ የቤተሰብ አጽናኝ ሁኑ እንጂ አስተርጓሚ አትሁኑ፤ ስንወድ እናሳንሳለን፤ እኔ እንዳደረግኩት።

ለ. ከመግባታቸው በፊት ሦስት ቃል በእንግሊዝኛ አስጠኗቸው፦ «ፔይን»፣ «ሂር»፣ «ስቶፕ»። «ብሬዝ ኢን» ማለት አየር ይሳቡ ማለት መሆኑንም ንገሯቸው።

ሐ. የኩላሊት ችግር፣ የቀድሞ የልብ ቀዶ ሕክምና፣ ቀድሞ በእጅ ተሞክሮ ያልሆነ ምርመራ ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቀለበት ወይም ሉሶሪያ ከተገኘ ደግሞ በወረቀት አስጽፉና አስቀምጡ። አክስቴ ዛሬ ቦርሳቸው ውስጥ «የቀኝ ራዲያል ቀለበት አለው» የሚል ወረቀት ይዘው ይዞራሉ።

መ. ከምርመራው በኋላ አንጓውን ብቻ ሳይሆን እስከ ክርን ያለውን ክንድ ገልጣችሁ እዩ። እብጠት፣ ውጥረት፣ የጣት መደንዘዝ፣ መንጣት ወይም መቀዝቀዝ ካለ ወዲያው ተናገሩ። ቤት ከገቡ በኋላ ከደማ አንጓውን አጥብቆ ተጭኖ 911 መደወል ነው።

ራስን መፈተሻ ጥያቄዎች

1ኛ. ሽቦው ያለ ችግር ወደ ላይ እየሄደ ሕመምተኛው ክርኔን ቢል ምን ትጠረጥራላችሁ? ቀጥሎስ ምን ታደርጋላችሁ?
2ኛ. ጥልቅ ትንፋሽ የተጠማዘዘን ሰብክላቪያን የሚያቀናው እንዴት ነው?
3ኛ. ከቀኝ እጅ የገባ ሽቦ ደጋግሞ ወደ ታች ወደሚወርደው አኦርታ ቢገባ የትኛውን የአፈጣጠር ልዩነት ያመለክታል?
4ኛ. የአንጓው ማሰሪያ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ክንድ ለምን ሊያብጥ ይችላል?

መልሶቹ ሁሉ ከላይ አሉ። ያልገባው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጥናት ቡድናችን እንገናኝ። በሙያው ላይ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ያጠፋሁት ካለም አርሙኝ።

አክስቴ ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ክንዳቸውን አገላብጠው አዩና «ሰባ ዓመት ሙሉ እንጀራ የጋገርኩበት እጅ፣ ውስጡ ቀለበት እንዳለው ማን ያውቃል?» ብለው ሣቁ። ባለፈው ሳምንት ለክትትል ሲሄዱ ነርሷ ደም ልትቀዳ መርፌ ስትሰካ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ፔይን!» አሉ። ነርሷ ደነገጠች። እኔ ግን ደስ አለኝ።